ጋራዥ የለንምና እንሽጣት?

ኦክቶበር ሲገባ ሚኒያፖሊስ ላይ የታወቀ ልቅሶ ይጀመራል። «ሞተር ሳይክሌን የማሳድርበት ጋራዥ የለኝም፤ ውጭ ከከረመች ትሞትብኛለች፤ ባገኘሁት ዋጋ ልሽጣት።» (ጋራዥ ስንል መካኒክ ቤት አይደለም፤ እዚህ አገር መኪና የሚያድርበት ቤት ነው።) ገዢም ይህን ልቅሶ ያውቀዋል። ዋጋውን ይሰብራል። አፓርትመንት የምንኖር ልጆች ሰመሩን ሙሉ ሰርተን የገዛናትን በግማሽ ዋጋ አስረክበን በአውቶብስ እንመለሳለን።

እኛ ግን ብርድ ብቻውን ሞተር አይገድልም ባዮች ነን። የሚገድለው ውሃ ነው።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ ደግሞ ፈሳሹ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ነው የሚዞረው፤ ሲያብጥ መሄጃ የለውም። ራዲያተሩን ይቀድዳል፣ ሲብስም ሞኖብሎኩን ይሰነጥቃል። ያኔ ጥገናው ከራሷ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ውሃው ከየት መጣ? አንድም ከአገር ቤት ልማድ ነው። አዲስ አበባ ራዲያተር ሲጎድል ጀሪካን ማንሳት ነው፣ ማን ይጠይቃል? የሚኒያፖሊስ ጃንዋሪ ግን የህዳር ውርጭ አይደለም፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢደርስ ብርቅ አይሆንም። ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ነው፣ ስለማይታይ። ብዙ የእሽቅድምድም ሜዳዎች አንቱፍሪዝ የያዘች ሞተር ሳይክል አያስገቡም፤ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታል፣ ለማጽዳትም መከራ ነው። ስለዚህ ሜዳ ስትሮጥ የኖረች ስፖርት ሞተር ሳይክል ራዲያተሯ ውስጥ ያለው ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል። ያገለገለች ስትገዙ «ውስጧ ምንድነው?» በሉ። ሻጭማ ሳይጠየቅ መናገር ነበረበት። የሄደችውን ማይል እየነገረ ይህን ዝም የሚል ሰው፣ ለኛ አታላይ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። እኩል አንቱፍሪዝና የተጣራ ውሃ የተደባለቀበት ፈሳሽ እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል። «እንግዲያው አንቱፍሪዙን ብቻ ልሙላው» የምትሉ፣ ተዉ! ኤትሊን ግላይኮል ብቻውን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራል። (ለማመን ቢከብድም እውነት ነው።) መለኪያዋ በየመለዋወጫ ሱቁ በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ልኩ ካነሰ አሮጌውን አፍስሱ፣ ለአሉሚኒየም ሞተር የሚስማማውን ሙሉ፣ ከዚያ ሞተሩ በደንብ እስኪግል አስነሱት፤ አለዚያ ድብልቁ ሁሉም ጋ አይደርስም። የፈሰሰውን መሬት ላይ አትተዉት። ይጣፍጣል፤ የጎረቤት ውሻ ልሶት ይሞታል።

የቀረው ያን ያህል አይደለም። ባትሪውን ፈትታችሁ ቤት አስገቡ፤ ቻርጁ ያለቀ ባትሪ በረዶ ይሆናል። ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ጨምሩ፣ አየር የሚያስገባ ሸራ አልብሷት፣ የበረዶ ጠራጊው መኪና የማይደርስበት ጥግ ፈልጉላት። በየሳምንቱ እየወጣችሁ ለአምስት ደቂቃ ማስነሳቱንም እርሱት። ሳይግል የሚጠፋ ሞተር ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ እርጥበት ያጠራቅማል። እስከ ኤፕሪል ትተኛ። ዋጋ ሊሰብር የሚፈልግ ገዢም ያኔ ይደውል።