ከቀለም በፊት ቁርስ

ወጣቶች ተሰባስበው የተቸገሩ ትምህርት ቤቶችን እንርዳ ሲሉ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰባቸው ግድግዳ መቀባት ነው። ደግ ሐሳብ ነው፤ ልጆች ንጹሕ ክፍል ይገባቸዋል። እኔ ግን ባልዲና ብሩሽ ከመግዛታቸው በፊት የሱዳን ዋና ከተማ የካርቱም ወጣቶች ከየት እንደጀመሩ ቢያዩ እወዳለሁ።

በሱዳን ትምህርት ቤቶች ረፋድ ላይ የቁርስ ዕረፍት አለ። ገንዘብ የያዘው ልጅ ፉል የገባበት ዳቦ ገዝቶ ይበላል፤ ያልያዘው ውኃ ጠጥቶ ወደ ክፍል ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው የሒሳብ ትምህርት እንዴት ይገባዋል? «ትምህርት ያለ ድንበር» በሚል ስም የተሰባሰቡት የሱዳን ወጣቶች ከትምህርት ቤት ጥገናው ጎን ለጎን የተማሪዎችን ቁርስ ሥራዬ ብለው የያዙት ለዚህ ነው።

«ሻሪዕ አልሐዋዲስ» የተባሉት የካርቱም ወጣቶችም እንዲሁ ከቅርቡ ነው የተነሡት። አንድ ሆስፒታል አጠገብ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ እየተገናኙ መድኃኒት መግዛት ላቃታቸው ሕፃናት ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦምዱርማን ውስጥ ለሕፃናት የጽኑ ሕሙማን ክፍል እስከ መክፈት ደረሱ። የምርቃቱን ሪባን የቆረጡት ሚኒስትር አልነበሩም፤ ሻይ ሻጯ ኡም ቂስማ ናቸው። ማን አብሯቸው እንደቆየ የሚያውቁ ልጆች ናቸውና ክብሩን ለባለቤቱ ሰጡ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2023) በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ይህ የወጣቶቹ ልምድ ሕይወት አተረፈ። «የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች» ተብለው በየሰፈሩ የተቋቋሙት የበጎ ፈቃደኞች ቡድኖች የጋራ ወጥ ቤት ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የ«ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት ተሰጣቸው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት ከትምህርት ገበታ የራቁትን የሱዳን ልጆች 19 ሚሊዮን ብለዋቸዋል። ይህን ያህል ሸክም በወጣቶች ጫንቃ ላይ ጥሎ ማጨብጨብ ግፍ ነው።

የበጎ ፈቃድ ሥራ መንግሥትን ከግዴታው ነፃ አያወጣም፤ ግዴታውን ያሳየዋል እንጂ። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ በበጎ አድራጎት ማኅበር ተጀምሮ በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የራሱ ሥራ አድርጎታል። ጥሩ ጅምር መጨረሻው እንዲህ ሲሆን ያምራል፤ ወጣቶቹ ቢደክማቸው እንኳ ልጁ ጦሙን አይውልም።

ስለዚህ ቡድን ለማቋቋም ያሰባችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ስምና ማኅተም ከማውጣታችሁ በፊት በሰፈራችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት ሂዱ። መምህራኑን ስንት ልጅ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ ስንቱ በደብተር እጦት እንደቀረ ጠይቁ። የነገሯችሁን ያዙና ከዚያው ጀምሩ። ቀለሙ ይደርሳል።