የስልክ ምክር ጤና ኬላው ደጅ ይድረስ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልጇ በትኩሳት የተቃጠለባት የገጠር እናት የምትጠይቀው ብዙ አይደለም። አሁኑኑ አዝዬው ልሂድ ወይስ ይንጋልኝ? ጤና ጣቢያው የሁለትና የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነበት ቀበሌ፣ ያውም ወንዝ በሚሞላበት ክረምት፣ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የስልክ የጤና ምክር ለቤተሰብ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክርም መመዘን ያለበት በዚህችው እናት ጥያቄ ነው።

የገጠሩ ሕዝብ በስልክ ምክር መቀበልን አይለምድም የሚለው አባባል ከፈረሰ ቆይቷል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የተባለው የግብርና መረጃ መስመር ለዚህ ምስክር ነው። ገበሬው ያለ ክፍያ እየደወለ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ በቆሎና ስለ ገብስ በቋንቋው የተቀዳ ማብራሪያ አዳምጧል፤ የደዋዩም ቁጥር በሚሊዮን ተቆጥሯል። ይሁን እንጂ ስንዴና ሕፃን አንድ አይደሉም። ስለ ዘር አዘራር የሚሰጥ ምክር ለነገ ቢያድር ሰብሉ አይጠፋም። ትንፋሹ የተፋጠነ ሕፃን ግን የተቀዳ ድምፅ «ስለ ተቅማጥ 1ን ይጫኑ» እያለ እስኪጨርስ አይጠብቅም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አድምጦ መልሶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው በስልክ ብዙ ሊሠራ እንደሚችል አይካድም። የልጁን ልብስ ገልጣ ደረቱን እያየች ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ እንድትቆጥር እናቲቱን ሊመራት ይችላል። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ልጅ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት ይኖርበታል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ልጅ ከሆነ መቁጠርም አያስፈልግም፤ መነሣት ነው። ተቅማጥ ብቻ የያዘውና በደንብ የሚጠጣ ልጅ ከሆነ ግን አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ እየሰጠች ሊነጋላት ይችላል። የሊትር መለኪያ በሌለበት ቤት 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የቢራ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሲሞላ አንድ ሊትር ያህል መሆኑን የሚነግራት ሰው ካገኘች ምክሩ ምክር ሆነ ማለት ነው።

መላሹ የቤቱንም ቋንቋ ማወቅ አለበት። እናት «ልጄን ምች መታው» ብላ ዳማከሴ አሽታው ይሆናል። ምችና ሳንባ ምች በስም ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም፤ አነጋገሯን ንቆ ያለፈ ባለሙያ እውነተኛውን ሳንባ ምች ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም ሌላ አንዷ ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ስትል፣ ሌላዋ «ተቅማጡ የጥርስ ነው፣ ይነቀል» የምትለው ከአጠገቧ ተቀምጣ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ይህን ለማሸነፍ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስልኩስ የት ነው? በብዙ ቤት ከአባወራው ኪስ ውስጥ ነው። አባወራው ገበያ ሲወርድ ስልኩም አብሮት ይወርዳል። ባትሪው የሚሞላው ገበያ ወይም ወፍጮ ቤት በሆነበት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ በሚወጣበት ጎጥ፣ ነፃ መስመር ተከፈተ ተብሎ ለእናቲቱ ተከፈተላት ማለት አይቻልም። ተራ ነገር ይመስላል፤ በሪፖርትም ላይ ብዙ አይጻፍም።

የማያውቁት ሰው ድምፅ ከሚያውቁት ሰው ፊት የሚሻልበት ጉዳይ መኖሩ እርግጥ ነው። በ1990ዎቹ «ወገን» የተባለው የኤድስ የስልክ መስመር በ952 ሲከፈት፣ ፊት ለፊት መጠየቅ ያሳፈረው ሰው ስሙን ሳይናገር እንዲጠይቅ ረድቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባም ለ8335 መደወል፣ ምልክት ያየበት ሰው ተጋፍቶ ጤና ተቋም ሳይገባ ምን ማድረግ እንዳለበት እንዲያውቅ አስችሏል። የታመመ ሕፃን ነገር ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ የጎደለው መረጃ ነበር፤ እዚህ ከመረጃው ቀጥሎ የሚቀበል እጅም ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀምሮ የነበረው በነርሶች የሚመለስ የምክር መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 ቦታውን ለ111 ሲለቅ፣ አዲሱ መስመር አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ አምቡላንስ ወደ ደዋዩ ቤት እንዲላክ የሚያደርግ ነው። መንገዱና መኪናው ባለበት አገር እንኳ ምክር ብቻውን አልተተወም።

ለእኛ ገጠር የሚቀበለው እጅ ያለው ጤና ኬላው ዘንድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞች መድቧል፤ አብዛኞቹም የአካባቢውን ቋንቋና መንገድ የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ሌሊት በስልክ «ይንጋልሽ» የተባለች እናት ጉዳይ ጠዋት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድረስ አለበት፤ ልጁ አድሮ እንዴት እንደዋለ የምታየው እርሷ ናትና። በቀን ሥራዋ ላይ የሌሊት ጥሪ ያለ አበል መጫን ግን ተገቢ አይደለም፤ ያንን የሚያቅደው ወረዳው ይክፈልበት።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ክረምቱ ሳይገባ ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ሥራ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የጤና ጣቢያው የተረኛ ባለሙያና የአምቡላንሱ ሹፌር ስልክ በጤና ኬላው በር ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ በየቤቱም የአደጋ ምልክቶቹ ከተሳሉበት ወረቀት ጋር ይለጠፍ። መኪና በማይገባበት ጎጥ ደግሞ ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረቤቶች ስም ከዚያው ዝርዝር ላይ ይግባ።