የአባባ ሳልና አራቱ መስመሮች

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ፣ አባታቸው የትውልድ ሐረጋቸውንና የወጣትነት ዘመናቸውን ታሪክ ለልጅ ልጆቻቸው ሲነግሩ በድምፅ እንድንቀርጽላቸው ለመነን። እኛም ደስ ብሎን ሄድን። አንዱን ማይክሮፎን በአባባ ፊት፣ አንዱን በእማማ ፊት፣ ሁለቱን በጠያቂዎቹ ልጆች ፊት አቁመን፣ አራቱን ድምፆች በኮምፒዩተር ላይ በየራሳቸው መስመር አንድ ሰዓት ሙሉ ቀረጽን። አባባ በጥቅምት ዐረፉ። ቅጂው በአርባቸው ዕለት እንዲሰማ ስለ ታሰበ፣ ተቀምጠን እናስተካክለው ጀመር። በመካከሉ ረዘም ያለ ሳል ነበረና፣ ያማረ እንዲሆን ብለን አራት ሴኮንድ ያህል ከአባባ መስመር ቆርጠን ጣልን። ልከንላቸው ውሎ ሳያድር ታላቂቱ ልጅ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ከመካከል ጀምሮ አባባ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ፤ ድምፃቸውም ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማል» አለችን።

ጥፋቱ የእኛ እንጂ የመሣሪያው አልነበረም። በኮምፒዩተር ላይ ከአንድ መስመር፣ ማለትም ባለ ሙያዎቹ ትራክ ከሚሉት፣ አራት ሴኮንድ ተቆርጦ ሲወጣ፣ ከቁራጩ በኋላ ያለው ድምፅ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ተስቦ ክፍተቱን ይሞላል፤ ሌሎቹ ሦስት መስመሮች ግን ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ አባባ ልጆቹን በአራት ሴኮንድ ቀደሟቸው። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ መሰማቱም፣ ማይክሮፎን የፊቱን ሰው ብቻ መርጦ የሚሰማ ባለመሆኑ ነው፤ በልጆቹ ማይክሮፎን የገባው የአባባ ድምፅ በቀድሞ ቦታው ቀርቷል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ የቆመ ማይክሮፎን ቃሉን የሚቀበለው የሴኮንድ መቶኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ይህን ጆሮ ይቅር ይላል፤ አራት ሴኮንድን ግን አይልም።

በቴፕ ዘመን እንዲህ ያለ ስሕተት አይደርስም ነበር። አሜሪካዊው ጊታር መቺ ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1957 ከአምፔክስ ኩባንያ የተረከበው ባለ ስምንት መስመር መቅረጫ፣ ስምንቱን ድምፆች የሚጽፈው በአንድ ጥብጣብ ላይ ጎን ለጎን ነበረ። ምላጭ ጥብጣቡን ሲቆርጥ ስምንቱንም አንድ ላይ ይቆርጣል። የቴፕ ችግር ሌላ ነበረ፤ መስመሩ ያልቃል። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡትን «ሳርጀንት ፔፐርስ» የተባለ ሸክላ የቀረጹት በባለ አራት መስመር መኪና ስለ ሆነ፣ አራቱ ሲሞሉ ቀላቅለው ወደ ሌላ ቴፕ ያሳልፉ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የተቀላቀለው አይፈታም። ሶፍትዌር ይህን እጥረት አስወገደልን፤ ነገር ግን መስመሮቹን ከጥብጣቡ ፈትቶ ማሰሩን ለእኛ ተወው።

ማሰሪያው በየሶፍትዌሩ ስሙ ይለያያል። ያለ ክፍያ የሚገኘው ኦዳሲቲ በሦስተኛው እትሙ «ሲንክ ሎክ» ይለዋል። ይህ ከተከፈተ፣ ከአንዱ መስመር የተቆረጠው ጊዜ በዚያው ቡድን ካሉት መስመሮች ሁሉ እኩል ይቆረጣል፤ የጽሑፍ ምልክት የሚይዝ መስመር በመካከል ገብቶ ካልለያቸው በቀር ሁሉም አንድ ቡድን ናቸው። በስቱዲዮዎች የተለመደው ፕሮ ቱልስ ደግሞ ቡድን ሲሠራ፣ ማሰሪያው ለመቁረጥ ነው ወይስ ለድምፅ ልክ፣ ወይስ ለሁለቱም፣ ብሎ ያስመርጣል። ይህ መለየት እጅግ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል። አባባ ቀስ ብለው የሚናገሩ ስለ ነበሩ ድምፃቸውን ለብቻው ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በጊዜ ግን ከልጆቹ ሊለዩ አይገባም።

ከመቅረጽ በፊት መስመሮቹ በእርግጥ መለየታቸውን መመርመር ይገባል። በገበያ ካሉት ትንንሽ ሚክሰሮች ብዙዎቹ አራት የማይክሮፎን መግቢያ እያላቸው፣ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒዩተር የሚያሳልፉት ቀላቅለው ሁለት ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቍጥር አምኖ የገዛ ሰው ይህን የሚረዳው ዘግይቶ ነው። ዛሬ የተቀላቀለ ድምፅ የሚለይ ሶፍትዌር ቢኖርም፣ በአንድ ክፍል ተደራርበው የተናገሩትን ሰዎች አጥርቶ መለየት ይከብደዋል። በአራት ስልክ እንቅረጽ ለሚሉትም፣ የየስልኩ የጊዜ መቍጠሪያ ጥቂት በጥቂት ይዛነፋል፤ ልዩነቱ ከሚሊዮን 20 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊ ሴኮንድ ይደርሳል። አራቱን በየራሳቸው የሚያሳልፍ አንድ መሣሪያ ግን ሁሉንም በአንድ መቍጠሪያ ይመራል። በሴኮንድ 48,000 ናሙና በ24 ቢት ሲቀረጽ፣ የአራት መስመር የአንድ ሰዓት ሥራ ከሁለት ጊጋባይት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ያልተነካ ቅጂ ለይቶ ለማስቀመጥ የሚከብድ አይደለም።

እኛም እንዲህ ያለውን ቅጂ አስቀምጠን ስለ ነበረ ወደ እርሱ ተመለስን። አራቱን መስመሮች አስረን ሳሉን እንደ ገና ልንቆርጥ ስንል፣ በእማማ መስመር ላይ፣ በዚያችው አራት ሴኮንድ ውስጥ፣ «ልጆች፣ ውኃ ስጧቸው» የሚል ቃል ሰማን። ማሰሪያው እርሱንም ሊጥለው ነበር። ስለዚህ መቁረጡን ትተን፣ በአባባ መስመር ላይ ያለውን ሳል ብቻ ጸጥ አደረግነው፤ ጸጥታ ጊዜውን አይነካምና ሌላው ሁሉ በቦታው ቀረ። ሳሉ ግን በእማማ ማይክሮፎን በኩል ገብቶ ኖሮ ከሩቅ ይሰማል። ይህንንም ለማጥፋት እንድንሞክር ይፈልጉ እንደ ሆነ ስንጠይቅ ታላቂቱ ልጅ፣ «ይቆይ ጋሼ፤ አባባ እንዲህ ነበር የሚስሉት» አለችን።