ዜማው የማን ነው? የልጄ የድምፅ ትምህርት፣ በስክሪን ወይስ በአካል

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ካልጋሪ ተወልዳ እዚሁ ፔንብሩክ ሜዶውስ አደገች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ከየት እንደመጣባት እንጃ "አባዬ፣ ትዝታ መዝፈን እፈልጋለሁ" አለችኝ። ሐሳቧ ደሴ ላለችው አያቷ ልትዘፍንላት ነው። እናቴ ሰማንያን አልፋለች፤ ሄደን እናያታለን ካልን ስንት ጊዜ ሆነን! እኔም ልቤ ሞልቶ አስተማሪ ፍለጋ ገባሁ። ጣጣው የጀመረው ከዚያ ነው።

ወዳጆቼን ሳማክር ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን "ኦንላይን ምን አለው? አዲስ አበባ ስንት ባለሙያ እያለ በዚህ ብርድ የት ትሄዳለህ?" አለኝ። ሌላው ደግሞ "ዘፈን በስልክ ይማራል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱም በጣም እርግጠኞች ነበሩ። አሁን ሁለቱንም ከሞከርኩ በኋላ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን እንደነገሩኝ ገብቶኛል።

መጀመሪያ በአካል ጀመርን። አስተማሪዋ ካናዳዊት ናት፤ ፒያኖ አጠገብ ተቀምጣ የምታስተምር፣ ትዕግሥተኛ ሴት። ከእኛ ሰፈር እሷ ዘንድ ለመድረስ በ17ኛው አቬኑ የሚሄደውን አውቶቡስ ይዞ መሀል ከተማ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ። ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲሆን አስቡት። ቢሆንም በአራት ወር ውስጥ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። ትከሻዋን ሳታነሳ መተንፈስ፣ መንጋጋዋን ማላላት፣ ጉሮሮዋን ሳታስጨንቅ ድምፅ ማውጣት ተማረች። አስተማሪዋ ዞር ብላ ጀርባዋን ታያለች፣ "እዚህ ጋ እጅሽን አድርጊ፣ ጎንሽ ሲከፈት ይሰማሻል?" ትላታለች። እንዲህ ያለውን ነገር ካሜራ አያየውም።

ከዚያ አንድ ቀን ልጄ የዘፈነችውን ቀርጬ ለእናቴ ላክሁላት። እናቴ አዳምጣ ጥቂት ዝም አለችና "ድምጿስ ማለፊያ ነው። ዜማው ግን የማን ነው ልጄ?" አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ብዙ ቀን አስጨነቀኝ። የአስተማሪዋ ጥፋት አይደለም። የትዝታን አምስት ድምፆች ፒያኖ ላይ ታገኛቸዋለህ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚንሸራተቱ፣ የት ላይ እንደሚንቀጠቀጡ ግን ቁልፎቹ አይነግሩህም። ቅላጼ የምንለው እሱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የድምፅ ዝርዝር ብቻ ሳይሆኑ የአኳኋን ጉዳይ ናቸው። (የወሎ ልጅ ሆኜ ባቲና አምባሰልን ከቦታ ስምነት በላይ ሳላውቃቸው መኖሬን እዚህ ላይ ብናዘዝ አይከፋም።)

ስለዚህ ወደ ኦንላይን ዞርን። እዚህም በአንድ ጊዜ አልተሳካልንም። በማኅበራዊ ሚዲያ ያገኘሁት የመጀመሪያው ሰው የሦስት ወር ተቀብሎኝ ሁለት ጊዜ አስተምሮ ጠፋ። ሁለተኛው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ክራርም የሚጫወት ወጣት ነው። ሰዓቱ በወቅቱ መሠረት 9 ወይም 10 ሰዓት ስለሚለያይ የእኛ ቅዳሜ ጠዋት የእሱ ምሽት ነው። አንዳንዴ "መብራት ሄደ" ይላል፣ ሌላ ጊዜ ኔትወርኩ።

በመጀመሪያው ትምህርት ልጄ አንድ ድምፅ ይዛ ስታስረዝም በዚያ ጫፍ ይጠፋል። የቪዲዮ ጥሪ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ነውና፣ ሳይቋረጥ የሚቀጥለውን ድምፅ የማራገቢያ ጫጫታ መስሏቸው ያፍኑታል። ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ድምፅ ማጥሪያውን ማጥፋት አለባችሁ፤ የሽቦ ማዳመጫ ከብሉቱዝ ይሻላል። ይህ ቀላሉ ችግር ነው።

የማይፈታው መዘግየቱ ነው። ሁለት ሜትር ርቆ ከሚቀመጥ አስተማሪ ድምፅ በ6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ካልጋሪና አዲስ አበባ ግን 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ መልእክቱ በፋይበር ቀጥ ብሎ ቢበርር እንኳ መሄጃው ብቻ ከ60 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነና ፕሮግራሙም የራሱን ጊዜ ስለሚወስድ እስከ ሩብ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ሙዚቀኞች ደግሞ መዘግየቱ ከ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲያልፍ አብረው መጓዝ ይቸግራቸዋል። በአጭሩ፣ አስተማሪና ተማሪ አብረው መዝፈን አይችሉም። ገንዘብም ፈጣን ኢንተርኔትም ይህን አይገዛም።

ይህ ለእኛ ዜማ ቀላል ጉዳት አይደለም። የእኛ ዜማ ከጥንት ጀምሮ በአፍና በጆሮ፣ አብሮ በማዜም የተላለፈ ነው። የቆሎ ተማሪ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር የሚሄደው ሰው ፍለጋ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት አዘጋጁ ይባላል። ምልክቱ ከመጣ በኋላም ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር አልተነሣም። ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን አስቀድሞ በጆሮው ለሰማ ነውና። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ ለእኔ ከዚያ ምልክት አይለይም።

መውጫውን ያገኘው ወጣቱ አስተማሪ ነው። አብሮ መዝፈኑን ጨርሶ ተወው። አንድ ስንኝ እሱ ይላል፤ ልጄ ዝም ብላ ትሰማለች፤ ከዚያ እሷ ትመልሳለች። "አዝማሪ ቤት 'ተቀበል' ይባል የለ? አንቺም ተቀበይ" አላት። በሳምንቱ መሀል ቀርጻ ትልክለታለች፣ እሱም በድምፅ መልእክት ያርማታል። እውነት ለመናገር ተቀይራለች። ግን አንድ ቅዳሜ ክፍሏ ስገባ አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ ስትዘፍን አገኘኋት! እሱ የሚያየው ፊቷን ብቻ ስለሆነ ምንም አላወቀም።

እንግዲህ የኔ አስተያየት ይኸው ነው። ጀማሪ፣ በተለይ ልጅ፣ በአካል ይጀምር፤ አስተማሪው አንድ የአማርኛ ቃል ባያውቅም ግድ የለም። ትንፋሽ አገር የለውም፤ የተጎዳ ጉሮሮን ግን በስክሪን የሚያይልህ የለም። በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በሠርግ ቤት ስትዘፍኑ ያደጋችሁ፣ ድምፃችሁ የቆመላችሁ ትልልቅ ሰዎች ግን በቀጥታ ወደ ኦንላይኑ ብትሄዱ አልቃወምም፤ የሚያስፈልጋችሁ የአገር ጆሮ ነው። ኦንላይንን ርካሽ ስለሆነ ብቻ መምረጥን ግን አልወደውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የእኛ ዶላር እዚያ ብዙ ስለሚመነዘር፣ ከአስተማሪ ጋር አምስት ዶላር ስንከራከር ማየት ያሳፍረኛል። የሦስት ወር በቅድሚያ አትክፈሉ፤ ለተማራችሁበት ግን በደንብ ክፈሉ። ልጅ ከሆነ የምትማረው በሩ ክፍት ይሁን።

አንድ ቀን ወጣቱ አስተማሪ "ጋሼ፣ ቤት ውስጥ አብሯት የሚዘፍን ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ድምፄም እንደ አህያ ነው። ለሁለት አስተማሪ እየከፈልኩ፣ ሁለቱም ሊሰጧት የማይችሉትን ነገር ለካ እኔ ነበርኩ የከለከልኳት። አሁን ወደ ካናዳዊቷ ስወስዳት በራሴ መኪና ነው፤ መንገዱን ሙሉ አብረን እንዘፍናለን። መሪውን በጣቴ እየመታሁ ከበሮ እሆንላታለሁ። ስስት ትስቅብኛለች፣ ግን አታቆምም።

እናቴም ነገሩን ለምዳዋለች። በስልክ አንድ ስንኝ ትልና ትጠብቃለች፤ ድምፁ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ፣ ልጄም እስክትመልስ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ለመስከረም ቆርጠናል። ደሴ ስንገባ እንዲህ ተራ ይጠብቁ እንደሆነ ወይም አንድ ላይ ይጀምሩ እንደሆነ ያኔ እናያለን።