የሮጠ ፈረስ ሲያረጅ ማን ይጡረው?

«በእሽቅድምድም ያሸነፈ ፈረስ ሲያረጅ ጡረታ አለውን?» ብሎ አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ቢጠይቀን ጓደኞቹ ሳቁበት። እኛ ግን የምንመልሰው ስላልነበረን ጥያቄውን ይዘን ወደ ቤታችን ሄድን።

ፈርዲናንድ የተባለው የአሜሪካ ፈረስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የኬንታኪ ደርቢን አሸነፈ፤ በማግስቱም ዓመት የአገሩ የዓመቱ ፈረስ ተባለ። ለባለቤቶቹ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት አስገባ። ኋላም ለዘር ወደ ጃፓን ተሸጠ፤ ለድንጉላነት የሚፈልገው በጠፋ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ2002 ሳይታረድ እንዳልቀረ በ2003 የወጣ ዜና ገለጠ። ያውም እርሱ ዝነኛ ስለ ሆነ ስሙ ተነሣ እንጂ አንድም ቀን ሳያሸንፍ ከሜዳ የወጣውን ማን ይጠይቅለታል?

እንዲህ ያለው ፈረስ በ2 ዓመቱ መሮጥ ይጀምራል፤ ብዙው 10 ዓመት ሳይሞላው ሩጫውን ይተዋል፤ ዕድሜው ግን እስከ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሣሩና ገብሱ፣ ጋጣው፣ ሰኮናውን የሚሞርደውና ጥርሱን የሚያየው ሰው ዋጋ በዚያ ሁሉ ዘመን አይቋረጥም።

«ባለቤቱ ይክፈል» ማለት ቀላል ነው። የትኛው ባለቤት? ፈረሱ ሲደክም ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ አቅሙ ወዳነሰ ሰው ይሄዳል፤ ያተረፉበት ሁሉ ዘወር ካሉ በኋላ ዕዳው በመጨረሻው ሰው ላይ ይወድቃል። ለበጎ አድራጊዎች ይተው የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ውርርድ ገብቶ የማያውቅ ሰው ምጽዋት የሌላውን ትርፍ ጉድለት መሙያ ሊሆን አይገባም።

ከእኛ ከመምህራን ደመወዝ የጡረታው መዋጮ በየወሩ የሚቈረጠው ገና ጉልበት ሳለን ነው፤ አሠሪውም የራሱን ይጨምርበታል። ለፈረሱም እንዲሁ ቢሆን እንወድዳለን፤ ውርንጭላው ሲመዘገብ ከአርቢው፣ ሲሸጥ ከሻጭና ከገዢ፣ ሲሮጥ ከሽልማቱና ከውርርዱ ገንዘብ ይቈረጥ። በብሪታንያ በ2000፣ በአሜሪካም በ2012 ለዚሁ ጉዳይ ማኅበራት ተቋቁመዋል፤ የአሜሪካው ከአርቢዎች፣ ከባለቤቶችና ከመሮጫ ሜዳዎች መዋጮ እየተቀበለ ፈረሶቹን የሚጦሩትን ድርጅቶች መርምሮ ይረዳል። ይሁን እንጂ መዋጮ በፈቃድ ሲሆን ቸሩ ይከፍላል፤ ንፉጉ ያመልጣል፤ ስለዚህ ግዴታ ይሁን እንላለን። «ወጪው ከበዛ ጥቂት ውርንጭላ ብቻ ይወለዳል» ለሚሉን፣ እኛ ይህን ከጉዳት አንቈጥረውም።

በከተሞቻችን ከጋሪ ተፈትቶ በአስፋልት ዳር የሚንከራተተውን ሽማግሌ ፈረስ አልዘነጋንም። ዳሩ ግን ባለጋሪው ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ድኻ ነውና ሚሊዮን ከቈጠረው ጋር በአንድ ፍርድ አንዳኘውም።

በማግስቱ ይህን ሁሉ ለተማሪው ብንነግረው «ሽልማት ያላገኘውስ ከምኑ ይቈረጥለታል?» አለን። ከውርርዱ አልነው፤ በተሸነፈውም ፈረስ ላይ ሰው ገንዘቡን አስይዟል፤ ለአሸናፊዎቹ የሚከፈለውም ከዚያ ነው።