የቁስለኛ ደመወዝ ምጽዋት አይደለም!

ጦርነት ሲታወጅ ገንዘብ ጠፋ ተብሎ አያውቅም። ለጥይቱም፣ ለስንቁም፣ ለፉከራውም ይገኛል። ካዝናው ባዶ የሚሆነው ጦርነቱ አልቆ ቁስለኛው ክራንቹን ተደግፎ "ደመወዜስ?" ያለ ቀን ነው። ያን ጊዜ ሹሙ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው!

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ኮሚሽን ተቋቋመለት፤ ካምፕ ገብቶ "ተሐድሶ" ወሰደ፤ ጥቂት ጊዜ የሚያቆይ እህልና ገንዘብ ይዞ ወደመጣበት ተሸኘ። እሺ፣ ጤነኛውስ ይረስ። አንድ እግሩን በረሃ ጥሎ የመጣው ምን ይሁን? መልሱን የአዲስ አበባ ሰው በዓይኑ አይቷል፤ ያ ወታደር አሮጌ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጁን ሲዘረጋ። "የደርግ ወታደር" ብለን አለፍነው። የዘመተው ግን በአገር ስም ተጠርቶ፣ ብዙውም ከየመንደሩ ታፍሶ ነበር።

ዛሬም ቃሉ ያው "ተሐድሶ" ነው። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ በየክልሉ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን እመልሳለሁ አለ። መቀሌ ላይ ሥራው የተጀመረው በኅዳር 2017 ነው፤ ጥይቱ ከቆመ ሁለት ዓመት ቆይቶ! በጥቅምት 2018 ደግሞ የትግራይ ኃይሎች አባላት ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ለመጠየቅ መቀሌ ውስጥ መንገድ ዘጉ። ያልተከፈለው ወታደር መሣሪያ የያዘ ከሆነ መንገድ ይዘጋል፤ አልጋ ላይ የዋለው ቁስለኛ ግን ምን ይዘጋል?

"መንግሥትን ለወጋ ደመወዝ?" የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚለው የስምምነቱን ትርጉም አልተረዳም። ሰላም የተፈረመው ሁለቱም ወገን ያሰለፈውን ሰው ኃላፊነት እንዲሸከም ነው። ሹማምንቱ እየተጨባበጡ ተራው ተዋጊ ብቻ ጥፋተኛ የሚሆነው በየት አገር ሕግ ነው? በሌላው ወገን ተሰልፎ የቆሰለው የአማራና የአፋር ሚሊሺያስ? በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ከሌለ ቁስሉም የለም ሊባል ነው?

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ውዝፉ ተቆጥሮ የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ ለሕዝብ ይገለጽ። ፌዴራል ወደ ክልል፣ ክልል ወደ ፌዴራል ጣት መቀሳሰሩ ይብቃ። ሁለተኛ፣ የመቋቋሚያ ገንዘብ ተሰጠ ተብሎ ደመወዝ አይሰረዝ፤ ያ ለነገው ነው፣ ይኸኛው የትናንቱ ነው። ሦስተኛ፣ ሕክምናና ሰው ሠራሽ እግር የፖለቲከኞችን መታረቅ አይጠብቅ፤ ቁስል ቀጠሮ አያውቅምና።

እናንተ ባለሥልጣናት! የዛሬውን ቁስለኛ ደጅ ስታስጠኑ የነገው ወጣት ቆሞ እያያችሁ ነው። ነገ "አገር ተደፈረች" ብላችሁ ስትጠሩት፣ "የወንድሜን ዕዳ ክፈሉና እንነጋገር" ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?