የኤኮኖሚ ትምህርት ሳይንስ ነውን?

የኤኮኖሚ ትምህርት ሳይንስ መባሉ ያልተገባው ማዕረግ ነው የሚሉ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ብዙዎች ናቸው። ከሁሉ አስቀድመው የሚጠቅሱትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የደረሰውን የገንዘብ ቀውስ ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ የለንደንን የኤኮኖሚ ትምህርት ቤት በጎበኙ ጊዜ፥ ይህን የሚያህል ነገር ሲመጣ እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ ብለው ጠይቀው ነበርና። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከጥያቄው የሚያወጡት ፍርድ ግን ጠማማ ነው። የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት የመሬት መንቀጥቀጥ በየትኛው ቀን እንደሚነሣ አስቀድመው ሊናገሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ግን ሥራቸውን ጥንቆላ ነው ያለ የለም። እንዲያውም ቀኑን ቆርጦ የሚናገረው ጠንቋይ ነው። የሳይንስ ምልክቱ፥ አንድ አሳብ ከታየውና ከተቈጠረው ነገር ጋር ሲፋጠጥ ሊረታ የሚችል መሆኑ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሀብ ምክንያቱ ምንድር ነው ቢባል፥ ዝናም ቀረ፥ እህል ታጣ፥ ሰው አለቀ የሚለው መልስ የበቃ ይመስላል። አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ ተወላጅ ሊቅ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ መልስ ከቍጥር ጋር አፋጠጠው። የአገሪቱ የምግብ ምርት በጠቅላላው የቀነሰው በመቶ 7 ያህል ሆኖ አገኘው። ረሀቡን ያመጣው የእህል እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ መናር ነበረበት፤ ዋጋው ግን ከድርቁ በፊት ከነበረው እምብዛም አልራቀም። ከዚህም የባሰ፥ ረሀቡ ሳይበርድ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ከማጣቱ ጋር የሚገዛበትንም አጥቶ ነበርና፥ ነጋዴ ለእርሱ እህል የሚያመጣበት ምክንያት አልነበረውም። የአፋር ከብት አርቢም መንጋው ካለቀበት ሌላ፥ የተረፈችውን ላም ገበያ ቢያወጣ በፊት የሚሸምትባትን ያህል እህል አላገኘባትም።

ይህ ልዩነት የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስለን። እህል ጠፋ ብቻ ካልን የምንጠብቀው የምርት ግምት ነው፤ ግምቱ ደኅና ሆኖ ሲመጣም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። የሚገዛበት ጠፋ ካልን ግን የበሬና የፍየል ዋጋ፥ የቀን ሠራተኛም ደመወዝ በየሳምንቱ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ከብት በየገበያው መርከስ ሲጀምር ሰው ከመሞቱ በፊት ማወቅ ይቻላልና።

የሴንም አሳብ ሳይነካ አልቀረም። ስቲቨን ዴቨሮ በ1988 ያንኑ የወሎን ነገር እንደ ገና መርምሮ፥ በጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ የእህሉ መታጣትና የገበያው ከሌላው አገር መለያየት የሚገባውን ያህል አልታየም ሲል ተከራከረ። በጠንቋይ ቤት እንዲህ ያለ ክርክር ተሰምቶ አያውቅም።

በሌላው ወገን ደግሞ ሳይንስ የሚለውን ቃል አፍ ማስያዣ የሚያደርጉ አሉ፤ እነዚህ ከፊተኞቹ ይልቅ ይጎዱናል። ካርመን ሬይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ስመ ጥር ሊቃውንት በ2010 የመንግሥት ዕዳ ከአገር ገቢ በመቶ 90 ሲያልፍ የኤኮኖሚ ዕድገት ክፉኛ ይወድቃል ብለው ቢጽፉ፥ የመንግሥትን ወጪ ለመቍረጥ የሚሹ የአውሮፓና የአሜሪካ ሹማምንት ቍጥሩን እንደማይሻር ፍርድ ይዘው ተነሡ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሂሳቡ የተሠራበትን ሰንጠረዥ ለምኖ ሲመረምር፥ አምስት አገሮች በስሕተት ከድምሩ ውጭ ቀርተው አገኘ። ከሁለት መምህራኑ ጋር ይህንንና ሌሎችን ጕድለቶች አርሞ ቢያሰላው፥ በዓመት በመቶ 0.1 ቅናሽ የተባለው በመቶ 2.2 ዕድገት ሆኖ ወጣ። ሁለቱ ሊቃውንት የሰንጠረዡን ስሕተት አመኑ፤ ዋናውን አሳባቸውን ግን አልለቀቁም። ተማሪው ያን ጽሑፍ መመርመር የጀመረው ለክፍል የተሰጠውን ሥራ ለመፈጸም ነበር።